ከየት ነው የምትመጪው

ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2007

ለልጄ ለኑስራ ሰዒድ፣ ሮተርዳም

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «እንዴት ነሽ» ይልና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ ጠበቅሁ። መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መጠበቁ ደስ አለኝ። አሁን ልቀጥል።

አዎ፣ ጉንፋኑ ለቆኛል። አይ፣ ማሞቂያውን አላጠፋሁም፤ ያጠፋሁት አንቺ ክፍል ያለውን ብቻ ነው፣ ሰው ስለሌለበት። ለምን ደብዳቤ ላልሽው ደግሞ፣ ስልክ ላይ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ክፍል ልገባ ነው» ትይና ትዘጊያለሽ። በወረቀት ከሆነ ገጹ እስኪሞላ ድረስ ከእኔ ጋ ነሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጠርኩሽም እንዲጠፋብሽ አይደለም። ሮተርዳም በባቡር ሃያ አምስት ደቂቃ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ነው የመጣሽው፤ በሃያ አምስት ደቂቃ የሚቆጠር ርቀት አልሆነልኝም።

ወደ ሆኪው ልምጣ። የኮሌጃችሁ ቡድን ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የከተማውን ልጆች ብቻ ይውሰድ ወይስ ከሩቅም ያምጣ፣ አንተ ምን ትላለህ ብለሽኛል። ሰው ሐሳቤን ከጠየቀኝ ቆይቷል፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት። እኔ የከተማው ልጅ ብቻ ይጫወት ባይ ነኝ። ምክንያቴ፦

1. ከሩቅ የመጣ ይሄዳል። የሰፈር ልጅ ይቀራል።
2. ወላጅ ቆሞ ማየት የሚችለው ልጁ ቅርብ ስትጫወት ነው። (እስካሁን እንዳልመጣሁ አውቃለሁ። የቅዳሜ ፈረቃ ነው።)
3. በእኔም ደርሷል።

ገና ጨዋታ ነግሬሻለሁ፤ ቆልማማ ዱላ፣ የእንጨት ሩር፣ ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር። ያው የእናንተው ሆኪ ነው፣ ሣሩ ነው የሚለየው። እኛ ጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነበር የሚጫወተው። እኔ ጎበዝ አልነበርኩም፣ ግን የታች ሰፈር ልጅ ነበርኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ትልልቆቹ ከሐርቡ የመጣ አንድ እንግዳ ልጅ በእኔ ቦታ አስገቡ። አሸነፉ። እኔን ልብስ ጠባቂ አደረጉኝ። ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ የዚያ ልጅ ጀርባ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

«ፖስታ መጥቶልኛል ወይ» ላልሽው፣ አድራሻሽ አሁንም እኔ ቤት ስለሆነ ሁሉም እዚህ ነው የሚመጣው፦

1. ከጥርስ ሐኪም። (አልከፈትኩም፤ ፖስታው ላይ ጥርስ ተስሏል።)
2. ከቤተ መጻሕፍት።
4. ከባንክ።

ሁሉንም ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ስትመጪ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ ከገበያው ዓሣ እገዛለሁ።

አባትሽ ሰዒድ


ሮተርዳም፣ ፌብሩዋሪ 17

አባዬ፣

ደህና ነኝ። ገጽ ሙይ ስላልከኝ ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ ነው የምጽፈው።

በሐሳብ ተስማማን ማለት ነው፣ ይገርማል። ዘንድሮ አሠልጣኙ አምስት ልጆች ከውጭ አገር አመጣ። አንዷ ሉሲያ ትባላለች፣ ከአርጀንቲና። እንደ እኔ ኪፐር ናት፣ ግብ የምትጠብቅ። እሷ ከመጣች ጀምሮ እኔ ቤንች ላይ ነኝ። ጎበዝ ናት። ጥሩ ልጅም ናት፣ የሚያናድደው እሱ ነው። ካፒቴናችን ፍሌር ግን በቃ ብላለች፤ ቡድኑ የሮተርዳም ነው፣ ከዚሁ የሆነ ሰው ይጫወትበት ትላለች። ማርች 14 ማኅበሩ ተሰብስቦ ድምጽ ይሰጣል። እኔ እንድናገር ጠይቃኛለች። ደንቡ ካለፈ ከመስከረም ጀምሮ ግቡ የእኔ ነው። አንደኛ ደረጃ ከነበርኩበት ጀምሮ የምፈልገው ነገር ይሄ ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ።

እማዬ ጋ ሄጄ ነበር፣ ስሎተርቫርት ቤቷ። ሰላም ብላሃለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ሰላም በዪው አላለችኝም፤ «ጉንፋኑ ለቀቀው?» ነው ያለችው። ያው ነው።

ክፍሌ ይሞቃል። እበላለሁ። ጓደኞች አሉኝ። አይ፣ ወንድ የለም። የጠየቅከኝን ሁሉ መለስኩ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ፖስታዎቹን ስትቆጥር ከ2 ወደ 4 ዘለልክ። አንተ ቁጥር ስተህ አታውቅም። 3 ምንድን ነው?

ኑስራ


ዴን ሃግ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2007

ልጄ ኑስራ፣

ዛሬ ይቅርታው ይቅደም፤ ሰላምታው ከኋላ ይደርሳል።

ቁጥር 3 ከሆኪ ማኅበራችሁ የመጣ ቅጽ ነው። ከፍቼዋለሁ። ፖስታዬን አትክፈት እንዳልሽኝ አልረሳሁም። ግን በአንድ ሳምንት ይመለስ ይል ነበር፣ አንቺ ደግሞ አልመጣሽም። እኔ ከስደተኛ ካምፑ ጊዜ ጀምሮ መልስ የሚጠብቅ ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ እህል አይወርድልኝም፣ ታውቂያለሽ። ካምፕ ውስጥ አንድ ቀን ያዘገየ ሰው ስድስት ወር ነበር የሚዘገይበት። ስለዚህ ሞላሁት፣ በስምሽ ፈረምኩ፣ በዚያው ቀን ላክሁት።

አትቆጪ፣ በደንብ ነው የሞላሁት። ጥያቄው ሦስት ነው፦

1. ከየት መጣሽ? ከወሎ፣ ኮምቦልቻ አልኩ። ቀጥሎ መተማ፣ ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ሽፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካምፕ፣ ትራንስቫል። ከነቀኑ ነው የጻፍኩት። ቦታው ስላልበቃኝ ሌላ ወረቀት ጨመርኩ።
2. በምን መጣሽ? በእናትሽ ጀርባ፣ በግመል፣ በጭነት መኪና፣ በአውሮፕላን።
3. ምን ያህል ጊዜ ፈጀብሽ? ሁለት ዓመት ከአራት ወር።

መጨረሻው ላይ «መመለስ አንችልም» የሚለውንም ጨመርኩ። ያኔ ጥገኝነት ስንጠይቅ ጠበቃው ይችን እንዳትረሳ፣ ይችን እንዳትረሳ ይለኝ ነበር።

ለሆኪ ይሄ ሁሉ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ አስቤያለሁ። ግን ይሄ አገር ሲጠይቅ ለምን አይባልም፤ የጠየቀው ይመለስለታል። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ለንግግርሽ መልካም ዕድል። ቀና ብለሽ ተናገሪ፣ አትቸኩዪ። ሰላምታዬ ይኸው ደረሰ።

አባትሽ


ሮተርዳም፣ ማርች 15

አባዬ፣

ትናንት ስብሰባው ነበር።

ወረቀቱ የጠየቀው ለልምምድ ከየት እንደምንመጣ ነው። ከየትኛው ከተማ፣ በሳይክል ወይስ በባቡር፣ ስንት ደቂቃ። በደች «ከየት መጣሽ»ም «ከየት ነው የምትመጪው»ም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንተ የመጀመሪያውን መለስክ። ሁልጊዜም የመጀመሪያውን ነው የምትመልሰው።

ተነስቼ ተናገርኩ። «ቡድኑ የዚህ ከተማ ነው፣ እኛም የዚህ ነን» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ፍሌር ከየቅጹ ያወጣችውን ስም በሁለት ረድፍ አነበበች፤ ከዚህ የሆኑ፣ ከዚህ ያልሆኑ። እኔ ከሉሲያ ቀጥዬ ተጠራሁ። ስህተት ነው አልኩ። ፍሌር ወረቀቴን አወጣችና ጮክ ብላ አነበበችው። ክፋት የላትም፤ ምን እንደያዘ የገባት ግማሽ ላይ ስትደርስ ነው፣ ማቆም ደግሞ አሳፈራት። ግመሉ ጋ አንዷ ሳቀች። «መመለስ አንችልም» ጋ የሳቀ የለም። እሱ ይብሳል።

ደግሞ እኔ ያን ሁሉ አላውቅም ነበር። ገዳሪፍ የሚባል ቦታ ሰምቼ አላውቅም። በእማዬ ጀርባ እንደሄድኩ አላውቅም። ከሃያ ሁለት ሰው ጋ እኩል ነው የሰማሁት አባዬ።

ደንቡ 14 ለ 9 አለፈ። ከመስከረም ጀምሮ ሮተርዳም የተመዘገበ ብቻ። አንተ ባትሞላውም አልድንም ነበር፤ የተመዘገብኩት አንተ ቤት ነው፣ አከራዬ ደግሞ በእሱ አድራሻ መመዝገብ አይፈቅድም። በገዛ አፌ ራሴን አስወጣሁ።

ለጊዜው አትጻፍልኝ። ስልክም አትደውል።

ኑስራ


ዴን ሃግ፣ ማርች 18 ቀን 2007

ኑስራ፣

አትጻፍ ብለሽኛል። ይሄ ይቅርታ ስለሆነ ደብዳቤ ብለሽ አትቁጠሪው።

ስለከፈትኩት ይቅርታ። ስለፈረምኩት ይቅርታ። ከሰው ጋ እኩል እንድትሰሚው ስላደረግኩ ይቅርታ። ስታድጊ ልነግርሽ ነበር ሐሳቤ። ስታድጊ ሄድሽ።

መልስ አልጠብቅም።

አባትሽ


ዴን ሃግ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2007

ልጄ ኑስራ፣

አምስት ሳምንት ዝም አልኩ። ያልጠየቅሽኝን ልመልስና እንደገና ዝም እላለሁ።

በልቻለሁ። ምስር ነው፣ ሁለት ቀን የቆየ። ሥራ ደህና ነው። ትራሙ ወደ ዞተርሜር አሁን ይፈጥናል፤ ድሮ መንገድ ላይ የማስበው ነገር ሳያልቅልኝ መጋዘኑ በር ላይ ያደርሰኛል። ቤት ስገባ ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ የምሰማው ቋንቋ ምን እንደሆነ ግድ የለኝም፣ ድምጽ ይኑር ብቻ። ጎረቤት ያለችው ሱሪናሜዋ ሴትዮ «ልጅህ የት ሄደች» የምትለኝን ትታለች። መጀመሪያ ሰለቸችኝ፣ አሁን ደግሞ ናፈቀኝ።

ለሙሉነህ ነገርኩት፤ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራው ጴንጤው፣ በልጅነትሽ ብስኩት ይሰጥሽ የነበረው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለሆኪ ጥገኝነት ጠየቅክላት እኮ» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እሱም አቆመ።

«ተቆጣች?» አለኝ።

«አትጻፍልኝ አለች።»

«እድለኛ ነህ። የእኔዋ ኤዶም ተቆጥታኝ አታውቅም። በአማርኛ የተጻፈ እንዳነብላት እንኳን ጠይቃኝ አታውቅም። ስትገባ ‹ሃይ ፓፕ›፣ ስትወጣ ‹ዱይ ፓፕ› ነው፣ አለቀ። ሰው የሚቆጣው የሚያውቀውን ሰው ነው ሰዒድ፤ ተመስገን በል።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩት። «እሱንም በል» አለኝ። ከዚያ ሣጥን መደርደር ቀጠልን።

አሁን ዋናው። ስለ ሐርቡው ልጅ ግማሹን ነው የነገርኩሽ። አስራት ነበር ስሙ። አባቱ መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር መንገዱ ወደ ሄደበት ነበር የሚሄዱት። ጨዋታው ሲያልቅ ልብሱን ሊቀበለኝ መጣ፤ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ አላልኩሽም? «ነገ የት ነው የምትጫወቱት?» አለኝ። የት እንደምንጫወት ሕፃን ያውቀዋል፣ ወንዙ ዳር ነው። «እኔ እንጃ» አልኩት። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱ ከነቤተሰቡ ሄዱ። እኔ የተነጠቅኩትን ቦታ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳነሳና ስጥል፣ ይሄኛውን አንድ ቀን አላነሳሁትም።

ስለዚህ ስለ ደንቡ የጻፍኩልሽን ሦስቱንም ምክንያት ሰርዣለሁ። ድምጽ የለኝም፣ ምንም አያመጣም፣ ግን ማወቅ አለብሽ። ያችን የአርጀንቲናዋን ልጅ ነገ የት እንደምትጫወቱ ንገሪያት።

ሌላ የመንገዱ ነገር፣ ስለ ገዳሪፍና ስለ ግመሉ፣ ልስማ ካልሽ አለሁ። ካላልሽም አለሁ።

አባትሽ


ስሎተርቫርት፣ እማዬ ጋ
ሜይ 6

አባዬ፣

ሁለቱንም አንብቤያለሁ። ይቅርታ ዘገየሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ በደች ሆነብኝ፣ ቀደድኩት።

አይ፣ አልጠላሁህም። እንደዚያ ብለህ አልጻፍክም፣ ግን ጠይቀሃል።

ስለ ግመሉ እማዬን ጠየቅኋት። ግመል ላይ የተሳፈረችው እሷ ናት፣ አንተ አንድም ቀን አልወጣህም፣ በእግርህ ነው የጨረስከው አለችኝ። ቅጹ ላይ ለምን አልጻፍከውም? «እሱ ራሱን አይቆጥርም፣ የሚቆጥረው ሌላውን ሁሉ ነው» አለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገባችና ቆየች።

ለሉሲያ ነገርኳት። እሁድ እሁድ ፓርክ እንጫወታለን፣ እሷና እኔ፣ ተራ በተራ አንዳችን እየመታን አንዳችን እንጠብቃለን። በጁላይ አገሯ ትመለሳለች፤ ሌላ ዓመት ልትቆይ ፈልጋ ነበር፣ የእሷም አከራይ መመዝገብ ስለማይፈቅድ በደንቡ ምክንያት ተወችው። እኔ ነኝ ያስወጣኋት። እሷ እንደዚያ አትልም።

አሁን የምጽፍበት ጉዳይ። ፍሌር ክፍሌ ድረስ መጣች። እስከ ጁን 1 ሮተርዳም ከተመዘገብኩ ግቡ የእኔ ነው። እማዬ የምታውቃት አንዲት ሴትዮ አለች፣ ወይዘሮ ሰገነት፣ ሮተርዳም ደቡብ። ክፍል ታከራየኛለች፣ መመዝገብም ትፈቅዳለች። ደንቡን አልወደውም፣ ጮክ ብዬ የደገፍኩት እኔው ብሆንም። ግን ውጭ ሆኜ ድምጽ የለኝም። ውስጥ ከሆንኩ በሚቀጥለው ማርች ተነስቼ «ተሳስቻለሁ» እላቸዋለሁ። አሁን ያሉት ዘጠኝ ናቸው፤ እኔ ከዞርኩ አሥር ይሆናሉ።

ችግሩ ይሄ ነው። እማዬ አድራሻዋን የቀየረች ጊዜ ከከተማው ጽሕፈት ቤት የመጣልህን ወረቀት አስታውሳለሁ። በዚህ አድራሻ የተመዘገቡ ሰዎች፣ ሁለት፣ ይል ነበር። ሦስት ቀን ሥራ አልሄድክም። ጫማህን አድርገህ ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ሻይ እያመጣሁልህ ይቀዘቅዝ ነበር። አሁን ወረቀቱ አንድ ሊል ነው።

አከራዬ አይፈቅድም ያልኩህ ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉውም አይደለም። የሚፈቅድ ክፍል በኅዳርም አግኝቼ ነበር። ትቼው መጣሁ። በወረቀት እንኳን አብሬህ ልሁን ብዬ።

ልሂድ ወይስ ልቅር? ጥቅምና ጉዳት አትዘርዝርልኝ። እማዬን ጠይቂ አትበለኝ። አንተ በለኝ።

ኑስራ


ዴን ሃግ፣ ሜይ 15 ቀን 2007

ልጄ ኑስራ፣

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ቁጭ ብዬ መለስኩ። አሥራ አንድ ተራ ቁጥር ሆነብኝ። ቀደድኩት። በሁለተኛው ወደ ሰባት ዝቅ አለ። እሱንም ቀደድኩት።

ትናንት የዕረፍት ቀኔ ነበር፣ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ተራ ቁጥር ይዤ ጠበቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው አንቺን የምታክል ልጅ ናት።

«ልጄ አድራሻ ልትቀይር ነው፣ እኔ የምፈርመው የት ነው?» አልኳት።

«ምንም አይፈርሙም ጌታዬ።»

«አባቷ ነኝ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ምንም» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው፣ ክፋት አልነበረበትም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ቢያንስ ባዶ ቅጽ ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ።

ቤት መጥቼ ገበታው ላይ ዘረጋሁት። እንዳትሰጊ፣ አንዲት ፊደል አልጻፍኩበትም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባዶውን ልኬልሻለሁ። የሮተርዳሙ ሌላ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እነሱን ጠይቂ። የድሮ አድራሻ የሚል ቦታ አለው። አዲስ አድራሻ የሚል አለው። ከማን ጋር እንደምትኖሪ ይጠይቃል። የወጣሽበት ቤት ማን እንደቀረ አይጠይቅም።

«አንድ» የሚለው ወረቀት ሲመጣ ጫማዬን አድርጌ አልቀመጥም ብዬ አልምልልሽም። እቀመጥ ይሆናል። ሥራ ግን እሄዳለሁ፤ ሙሉነህ ካልሄድኩ መጥቶ በሩን ይደበድባል። የሰገነትንም ስልክ አልጠይቅሽም። ልጠይቅሽ ነበር፣ ተውኩት።

ከቅጹ ላይ አባት የሚፈቅድበት መስመር ፈለግኩ። ፊት ለፊቱን አየሁ፣ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፣ በትንንሹ የተጻፈውንም መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። የለም። ስለዚህ እዚህ፣ በራሴ ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

ሂጂ። ፈቅጃለሁ።

ሰዒድ ዓሊ
አባት